ሳልለካ የጻፍኩት እርጥበት

በርበሬ ፈጭቶ በሚያሽግ ድርጅት ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪ ነበርኩ። ቢሯችን ካዛንቺስ፣ መጋዘኑና ወፍጮው ላንቻ ነበር። ሥራዬ ከየአቅራቢው የሚገባውን ዛላ እርጥበት እየለኩ መመዝገብ ነው። እርጥብ በርበሬ ይሻግታል፤ አንዳንዱ ሻጋታ ደግሞ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ይተዋል። ቢፈጭም ቢቁላላም አይጠፋም።

አንድ ሰኞ ጠዋት ውጭ አገር ያለው ደንበኛችን ከላክንለት በርበሬ ውስጥ ያ መርዝ መገኘቱን ጻፈልን። ሥራ አስኪያጇ ሰበሰበችንና፣

«የየትኛው አቅራቢ ነው?» አለች።

መጋዘን ኃላፊው፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው፣ መዝገባቸውን ገለጡ። መዝገባቸው አንድ ይላል፣ የሾፌሩ ወረቀት ሌላ፣ የኔ ኤክሴል ደግሞ ሌላ። የአምስት አቅራቢ በርበሬ አብሮ ተፈጭቶ፣ ለአገር ውስጥ ሱቆችም ተከፋፍሏል። መለየት ስላልተቻለ፣ ደህናውም የተበላሸውም አንድ ላይ ከየሱቁ ተሰብስቦ እንዲወገድ ተወሰነ።

ከሚሰበስበው መኪና ጋር የወጣሁት እኔ ነኝ። መስቀል ፍላወር አካባቢ አንዲት ባለሱቅ ካርቶኑን እያቀበለችኝ፣

«እኔም ቤቴ ወስጄ ነበር እኮ። ልጆቼ የበሉት ከዚህ ይሆን?» አለችኝ።

«አላውቅም» አልኳት። እውነቴን ነበር፣ ግን ፊቷን ማየት አልቻልኩም።

ከዚያ በኋላ ዝም ብዬ መቀመጥ አቃተኝ። ያ በርበሬ በገባ ሰሞን የእርጥበት መለኪያው ሁለት ቀን ተበላሽቶ፣ ያለፈውን ቀን ቁጥር ትንሽ ቀየር እያደረግኩ ሞልቼ ነበር። ሥራ አስኪያጇ ቢሮ ገብቼ ነገርኳት።

«ማን ያውቃል?»

«ማንም።»

«ያንቺን አንቺ ነገርሽኝ፤ ሌሎቹ ያልነገሩኝን በምን አውቃለሁ?» አለች። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠችኝ፤ ሥራዬን ግን አላጣሁም።

ከጥቂት ወራት በኋላ ብሎክቼይን የሚባለው የጋራ መዝገብ ሥርዓት ገባ። ደንበኛውም ጠይቆት ነበር፣ እኛም ከዚያ በኋላ እምቢ የምንልበት አፍ አልነበረንም። ሊያሠለጥነን የመጣው ባለሙያ እያንዳንዱ ጆንያ ኮድ እንደሚለጠፍበት፣ መዝገቡም በአቅራቢው፣ በእኛ፣ በአጓጓዡና በገዢው እጅ በእኩል እንደሚቀመጥ፣ አንዱ ብቻውን ሊሰርዘው እንደማይችል አስረዳን።

«ውሸት ብጽፍበትስ?» አሉ ጋሼ።

«ውሸት መሆኑን አያውቅም፣ ጋሼ። ግን ማን መቼ እንደጻፈው ይቀመጣል፤ በኋላ መካድ የለም።»

ጋሼ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

መጀመሪያ ላይ ሰለቸኝ። አንድ ጊዜ ቁጥር ተሳስቼ ሳርመው፣ ስህተቱም እርማቱም ከነስሜ ተደርድረው ቀሩ። አፈርኩ፤ ከዚያ ለመድኩት።

በዓመቱ ከመፍጨታችን በፊት የላክነው አንድ ናሙና ከላቦራቶሪ መጥፎ ውጤት ይዞ መጣ። ኮዱን ስናነበው የአንዲት አቅራቢ ሰባት ጆንያ ሆኖ ተገኘ። ደወልኩላት።

«የኔ በርበሬ ደረቅ ነው! ከሌላ ሰው በርበሬ ጋር ተቀላቅሎባችሁ ቢሆንስ?»

ስትጭን የለካችው ቁጥርና እኛ ስንረከብ የለካነው ትንሽ ከፍ ያለው ቁጥር እሷም ጋ ስላለ፣ እንድታየው ነገርኳት። መዝገቡን ከፍታ አየችው።

«መንገድ ላይ ዝናብ ይዞን ነበር» አለች በመጨረሻ። «ሸራው ተቀዶ ነበር። በቃ፣ መልሱት።»

ከጋሼ ጋር ሰባቱን ጆንያ ለይተን ምልክት አደረግንባቸው። የሌሎቹ አቅራቢዎች በርበሬ ከሰዓት ወፍጮ ገባ።