እማዬ የመለሰችበት ትንፋሽ

ቅጠል በሚረግፍበት ሰሞን አዲስ የጆሮ ማዳመጫ ገዛሁ። ሥራዬ የተቀዱ ቃለ መጠይቆችን እያዳመጡ መጻፍ ነው፤ ሰው ፊት ቆሞ ከመናገር የሰው ድምፅ እየሰሙ ዝም ማለት ስለሚቀለኝ እወደዋለሁ። ስቶክሆልም ሶደርማልም ሰፈር ባለችው ጠባብ ቤቴ ማዳመጫውን ላፕቶፑ ላይ ሰክቼ፣ ገና ምንም ሳልከፍት፣ ሽሽሽ የሚል ድምፅ ጆሮዬን ሞላው። ቀጭን፣ የማይቋረጥ፣ ሩቅ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ካፊያ ያለ ድምፅ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ይናደድ ነበር። እኔ ግን እጄን ሰብስቤ ተቀመጥኩ፤ በልጅነቴ ሱንድቢበሪ በነበረው ቤታችን፣ አባባ ካሴቱን ከፍተው ሰው መናገር እስኪጀምር ድረስ የሚሰማው ድምፅ ይኸው ነበርና።

አባባ ለትምህርት ወደ ስቶክሆልም ሲመጡ እናቴ እኔን አርግዛ አገር ቤት ቀርታ ነበር። ያኔ ዘመድ ደብዳቤ ከመጻፍ ይልቅ ካሴት ላይ ተናግሮ በመንገደኛ ሻንጣ ይልክ ነበር፤ መልሱም በዚያው ካሴት ላይ እየተቀዳ ይመለሳል። ስለዚህ ከዚያ ሁሉ ካሴት እኛ ጋ የቀረው አንድ ብቻ ነበር። በእሱ ላይ የሚናገሩት የእናቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ ታደሰ ናቸው። ጋሼ ታደሰ ቴፕ ፊት ሲቀመጡ ስብሰባ የሚመሩ ይመስላቸዋል፤ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፣ ስለ ዝናቡ ይዘግባሉ፣ የጎረቤት ውሻ መሞቱን ሳይቀር በሐዘን ያስታውቃሉ፣ ከዚያ ወደ እኔ ይመጣሉ። «ልጅቱ እንግዲህ ዳዴ ማለት ጀምራለች። መልኳ ያንተው ነው፤ ጠባይዋን ግን የእናቷን ያድርግላት። አይደል እንዴ አስካለ?»

አስካለ እናቴ ናት። በታላቅ ወንድሟ ፊት፣ ያውም ለባሏ በሚላክ ካሴት ላይ፣ አፏን ከፍታ መናገር አልቻለችም። የመለሰችው ሁላችንም እንደምንመልሰው ነው፤ ትንፋሿን አጭር አድርጋ ወደ ውስጥ ሳበች። አዎ ማለቷ ነው። ስድስት ዓመት ሳይሞላኝ ሞተች። እሷን የያዘ ሌላ ድምፅ የለም፤ አባባ ወደ ስዊድን ሲያመጡኝ ፊቷ እንኳን ከፎቶግራፏ ጋር ተምታቶብኝ ነበር።

ትምህርት ቤት በገባሁ ሰሞን ቋንቋውን ስለማልችል አስተማሪዬ ለጠየቀችኝ ሁሉ በዚያው ትንፋሽ እመልስ ነበር። ልጆቹ የደነገጥኩ እየመሰላቸው ይስቃሉ፤ አንዱማ ውሃ አመጣልኝ። አስተማሪዬ ግን የሰሜን ስዊድን ሰው ነበረች፤ እነሱም አገር አዎ የሚባለው እንዲሁ ነውና ትንፋሿን ስባ መለሰችልኝ። ለአባባ ስነግራቸው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፤ ከዚያ ካሴቱን አወጡና «ነይ፣ ከማን እንደወረስሽው ስሚ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ በረዶ የነካው ካፖርታችን እርጥብ ሱፍ እየሸተተ፣ ሳናወልቀው ሶፋው ላይ ተቀምጠን መስማት ልማዳችን ሆነ። ሽሽሽታው ይመጣል፣ ጋሼ ታደሰ ይዘግባሉ፣ ውሻው ይሞታል፣ እኔ ጉልበቴን አቅፌ እጠብቃለሁ፤ ጥያቄው ሲመጣ ከእማዬ ጋር እኩል ትንፋሼን እስባለሁ።

ወደ ኡፕላንድስ ቬስቢ ልንዛወር ስንል አባባ ካሴቱ ሳይበላሽ ብለው ወደ ኮምፒውተር ገለበጡት። ሽሽሽታውንም ሊያጠፉልኝ ፈለጉ። ድምፅ የሚያጠራው ፕሮግራም ማንም የማይናገርበትን ቦታ አሳዩኝ ይላል፤ እዚያ ያለውን ድምፅ ይማርና ከጠቅላላው ላይ ያጠፋዋል። አባባ ያሳዩት ከጋሼ ታደሰ ጥያቄ በኋላ ያለችውን ዝምታ ነበር። ዕድሜ ልኩን በዚያ ትንፋሽ ሲመልስ የኖረ ሰው፣ ዓይኑን ሲያርገበግብ እንደማያስተውለው ሁሉ፣ ድምፅ ነው ብሎ አይቆጥረውም። ንግግሩ ጥርት ብሎ ሲወጣላቸው ደስ ብሏቸው ካሴቱን ከአሮጌው ቴፕ ጋር ጣሉት።

አዲሱ ቤት ገብተን ስንሰማ ጥያቄው መጣ፤ ትንፋሼን ሳብኩ፤ ብቻዬን ነበርኩ። «እማዬስ?» አልኩ። አባባ መለስ አድርገው ከፈቱት፤ ደግመው ከፈቱት። ከዚያ ፔንደልቶግ በሚሉት የከተማ ባቡር ተሳፍረው ወደ ሱንድቢበሪ ተመለሱ። ሲመጡ እጃቸው ባዶ ነበር፤ የቆሻሻው ክፍል ተጠርጎ ከታጠበ በኋላ ደረስኩ አሉኝ። የእሑድ መስማታችን በዚያው ቀረ።

እንግዲህ አዲሱ ማዳመጫ ሽሽሽ ሲለኝ ያንን ፋይል ፈልጌ ከፈትኩ። ከጥያቄው በኋላ ያለው ዝምታ ባዶ አልነበረም፤ ሽሽሽታው ፋይሉን ሳልከፍት ጀምሮ እንደነበር በደስታ ረሳሁት። ስልክ መደወል የምፈራው እኔ ወዲያው ደወልኩ። «አባባ፣ ሽሽሽታው አለ። አልጠፋም» አልኳቸው።

«ቅዳሜ እመጣለሁ» አሉ።

ፋይሉን የዘጋሁት ከደወልኩ በኋላ ነው። ሽሽሽታው አልቆመም። ድምፁን እስከ መጨረሻው ዝቅ አደረግሁት፤ ያው ነው። ሄጄ ሻጩን ብጠይቀው፣ ማዳመጫው ጥቃቅን ድምፅ ሳይቀር ስለሚይዝ የምትሰሚው የላፕቶፑን የራሱን ድምፅ ነው አለኝና በመካከል የሚሰካ ትንሽ መሣሪያ ሸጠልኝ። ቤት ገብቼ ሰካሁት። ሽሽሽታው ጠፋ። ጋሼ ታደሰ ጠየቁ፤ የመለሰላቸው የለም። ለአባባ ልነግራቸው ስልኩን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት፤ በማግስቱም እንደዚያው።

ቅዳሜ አባባ የቤተ ክርስቲያን ካፖርታቸውን ለብሰው መጡ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ካፖርቱ ሰፍቷቸዋል። ሻይ ላፍላ ብል «ይቆይ» አሉ። ያን ትንሽ መሣሪያ ነቅዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩና ማዳመጫውን በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሰካሁት። እሳቸው ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ተቀምጠው ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። ለእኔ የሚሰማኝ ነገር አልነበረም፤ ጋሼ ታደሰ የት እንደደረሱ ግን ከአባባ ፊት ላይ አነብ ነበር። ውሻው ሲሞት ፈገግ አሉ። ከዚያ ፈገግታው ቆመ።

«አለች» አሉ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ። «ከሽሽሽታው ሥር አለች። አንቺም ሰምተሻታል አይደል ልጄ?»

ከእናቴ የነበረኝ አንድ ትንፋሽ ነበር። አሁን ያለኝ ትንፋሹ የነበረበት ቦታ ነው፤ እሱንም የሞላው የማሽን ድምፅ ነው። ይህን ለመናገር ቃሉ ሁሉ ነበረኝ፤ በሁለት ቋንቋ።

ትንፋሼን አጭር አድርጌ ወደ ውስጥ ሳብኩ።