የአክስቴ የጥሎሽ ብር

ትናንት መሐል ሜዳ ገበያ፣ አሮጌ ገንዘብ የሚሰበስብ ሰው አንድ ጠገራ ብር በአጉሊ መነጽር ሲመረምር አየሁ። ልቤ ወዲያው ወደ ኋላ ሄደ፤ በልጅነቴ አክስቴ ወደተዳረችበት ቀን።

የሙሽራው ወገኖች ጥሎሹን ሲያሳዩ፣ ለአንገት የምትታሰር አንዲት ጠገራ ብር ከእጅ ወደ እጅ ዞረች። የተቀረጸችባት ንግሥት ሁለት አፍንጫና ሁለት ከንፈር ነበራት።

«ሐሰተኛ ናት!» አለ አክስቴን በቤቱ ያሳደጋት ታላቅ ወንድሟ። ሚዜዎቹ ተነሡ።

ጎረቤታችን አንጥረኛው አባባ ደምሴ ብሯን ድንጋይ ላይ ጣሏት። እንደ ቃጭል ጮኸች።

«እውነተኛ ብር ናት» አሉ። «ማኅተሙ ሲያርፍባት ተንሸራታ ሁለቴ ተመትታለች። ስሕተቱ የመቺው እንጂ የሰጪው አይደለም።»

«ታዲያ ለእኅቴ እንከን ያለባትን ያመጣሉ?» ወንድሟ አልበረደም።

ይኼኔ አክስቴ፣ ሙሽራ መናገር በማይገባት ሰዓት፣ ከዓይነ ርግቧ ሥር እጇን ዘረጋች።

«አባባ፣ ለእኔ ይስጡኝ።»

መዳፏ ላይ አኖሩላት። እንደጨበጠቻት በቅሎ ላይ ወጥታ ሄደች።

ዛሬም ከአንገቷ አትለያትም። ያን ቀን እጇን ያስዘረጋት ሙሽራውን መውደዷ ይሁን ከወንድሟ ቤት ለመውጣት መቸኮሏ፣ ጠይቄያት አላውቅም።