አባቴ ያስተማራት ልጅ

እኔ ቀናተኛ ሰው ነኝ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ተበላ በምትባል የወላይታ ከተማ በግብርና ባለሙያነት በሠራሁባቸው ዓመታት እኩዮቼ ሲሾሙም፣ ሲያገቡም፣ ሶዶ ላይ ቤት ሲሠሩም "እሰይ" ብዬ አልፌያለሁ። ቅናትን ያወቅኩት ሁለተኛ ዲግሪዬን ልማር ሶዶ ከተመለስኩ በኋላ ነው። የቀናሁትም በውጤት ወይም በውጭ አገር ዕድል አልነበረም። በአባቴ ነው።

የትምህርቱ ስም ረጅም ነው፤ ዲጂታል ቴክኖሎጂ ለዘላቂ ግብርና። አብራኝ የምትማር አንዲት የሶዶ ከተማ ልጅ ነበረች። ቅድመ አያቶቿ ከሰሜን መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው፤ ቤተሰቦቿ ነጋዴዎች፣ አፏን የፈታችውም በአማርኛ። ወላይትኛዋ ገበያ ወጥቶ ከመግዛትና ሰላም ከማለት አያልፍም። ከኮምፒውተር ሳይንስ ስለመጣች እርሻ ውስጥ ቆማ አታውቅም። የመመረቂያ ጥናቷ ግን በእንሰት ላይ ነበር። ገበሬው ተክሉን በስልኩ ፎቶ ሲያነሳው አጠውልግ በሽታ ይዞት እንደሆነ የሚናገር ፕሮግራም ልትሠራ ነው። ፕሮግራሙ እንዲማር ብዙ ፎቶ ያስፈልጋታል፤ በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ ደግሞ የሚያውቅ ገበሬ ፍርድ።

"ጉኑኖ አካባቢ የአባትህ እንሰት አለ ብለኸኝ አልነበር?" አለችኝ አንድ ቀን ከክፍል ስንወጣ። "እኔን ለማሳየት ፈቃደኛ ይሆኑ ይሆን?"

"ይፈቅዳል። ግን አባቴ ብዙ አይናገርም" አልኳት።

እውነቴን ነበር። ልጅ ሆኜ መቆፈሪያ ይዤ ጓሮ ስገባ አባቴ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነበር የሚለኝ፤ "ሂድ፣ ደብተርህን ያዝ።" በእንሰት መሃል አድጌ ስለ እንሰት ያነበብኩት ከመጽሐፍ ነው። የራሴ ጥናት ተበላ ቆላ ላይ፣ ቲማቲም ማሳ ውስጥ የአፈር እርጥበት የሚለካ መሣሪያ መትከል ነበር። ምን እንደምሠራ ላስረዳው ስሞክር ጥቂት ሰማኝና "ደህና ነው" ብሎ ወደ በሬው ዞረ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ሚኒባስ ይዘን ሄድን። አባቴ እጇን ጨብጦ በቀጥታ ወደ ጓሮ መራን። አማርኛ ስለማይችል አስተርጓሚው እኔ ነኝ። አንድ የጠወለገ ተክል ፊት ተቀምጦ ቅጠሉን ከግንዱ አጠገብ ቆረጠና ከቁርጡ ላይ ቢጫ ፈሳሽ ሲወጣ አሳያት። "በዚህ ቢላ ሌላውን ተክል ከመንካትሽ በፊት እሳት አስነኪው። በሽታውን የምናዞረው እኛው ነን።" ከዚያ ከረድፍ ረድፍ እየወሰደ የእንሰቶቹን ዓይነት እንደ ሰው በየስማቸው እየጠራ አስተዋወቃት። የትኛው ለቆጮ፣ የትኛው ለተሰበረ አጥንት እንደሚሆን፣ የትኛው በሽታን እንደሚቋቋም ነገራት። ከስሞቹ የሚበዙትን እኔም የሰማሁት ያን ቀን ነው፤ ያውም ለሌላ ሰው ላስተረጉም።

እናቴ ቦይና የምንለውን የተቀቀለ ጎደሬ ከሚያቃጥል ዳጣ ጋር አቀረበች። ልጅቷ በዳጣው ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ አባቴ ራሱ ተነስቶ ውሃ አመጣላት። ለእኔ ቀርቶ ለማንም ውሃ ሲያቀርብ አይቼው አላውቅም።

በሦስተኛው ሳምንት "ታ ናኤ" ይላት ጀመር፤ ልጄ ማለቱ ነው። ሰኞ ማክሰኞ ስልኬ ላይ ይደውልና "ልጅቷ ቅዳሜ ትመጣለች?" ይለኛል። እኔ መምጣት አለመምጣቴን አይጠይቅም። "ትመጣለች" ብዬ ስዘጋ ደረቴን አንድ ነገር ይጨመድደኛል። ክፍል ውስጥ ስትስቅ ሳቋ፣ ማስታወሻ ስትጽፍ ጽሕፈቷ ያበሽቀኝ ጀመር። ክፋት አልነበራትም። ክፋት ቢኖራት ይቀለኝ ነበር።

ሥራውን ተካፍለን ነበር የምንሠራው። እሷ ፎቶ ታነሳለች፤ አባቴ ይፈርዳል፤ እኔ ታብሌቱ ላይ ከሦስቱ አንዱን እነካለሁ፦ ጤነኛ፣ አጠውልግ፣ ሌላ ጉዳት።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አባቴ ቅጠሉ ቢጫ የሆነ ተክል ጋ ደርሶ ቆመ። "ይሄ በሽታ አይደለም። ፍልፈል ከሥር እየበላው ነው። ነቅነቅ አድርጊው።" ተረጎምኩላት። ግንዱን በሁለት እጇ ይዛ ስትነቀንቀው እንደ ላላ ጥርስ ተንቀሳቀሰ። ደንግጣ ለቀቀችው፤ ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ አባቴ ሳቁን ሳይጨርስ "ይህን የምነግረው ልጅ ሳላገኝ እሞታለሁ ብዬ ነበር" አለ።

"ምን አሉ?" አለችኝ።

"ምንም። ጎበዝ ነሽ ነው ያለው።"

ጣቴ ታብሌቱ ላይ ነበር። "ሌላ ጉዳት" የሚለውን ትቼ "አጠውልግ" የሚለውን ነካሁ። ተሳስቼ አይደለም። ቀጥሎ ያለውንም ፍልፈል የበላው እንደዚያው አደረግኩ። በሚቀጥሉት ሁለት ቅዳሜዎችም።

ወራት አለፉ። ፕሮግራሙ ተሠርቶ ለሙከራ ወደ ሰፈራችን ስንሄድ አባቴ ገበያ ወጥቶ ነበር። ባሏ የሞተባት ጎረቤታችን ጓሮ ገባን። ስልኩ አራት ተክሎች ላይ "አጠውልግ" አለ። በሽታ የያዘው ተነቅሎ መቀበር እንዳለበት ለሁሉም ተነግሯል። ልጅቷ ግን "አባባ እስኪመጡ እንቆይ" አለች። ይህን ለጎረቤታችን ማስተርጎም የነበረብኝ እኔ ነኝ። አፌን ከፈትኩ፤ ቃሉ ግን አልወጣም። ካወጣሁት ሁሉም ነገር ተከትሎ እንደሚወጣ አውቄ ነበር። ሌላው ጓሮ ደርሰን ስንመለስ ሴትዮዋ አራቱንም ነቅላ ጉድጓድ እየቆፈረች አገኘናት። የዓመታት ልፋቷ ነው፤ ሁለቱ ለቆጮ ለመፋቅ ደርሰው ነበር።

አባቴ ከገበያ እንደገባ ወሬውን ሰምቶ መጣ። ከወደቁት አንዱን ገለበጠና ሥሩ ላይ የጥርስ ምልክት በጣቱ ዳሰሰ። "ፍልፈል ነው" አለ። "ለዚህች ልጅ ነግሬያት የለም እንዴ?"

"ፍልፈል" የምትለውን የወላይትኛ ቃል በእነዚያ ቅዳሜዎች ለምዳው ኖሮ ልጅቷ ቀና አለች። ታብሌቱን ከቦርሳዋ አውጥታ መዝገቡን ገለጠችው። ከላይ እስከ ታች አየችው፤ ደግማ አየችው።

"ሌላ ጉዳት የሚለው ውስጥ ፍልፈል የበላው አንድም የለም" አለች ቀስ ብላ። "አንድም። የሞላኸው አንተ ነህ።"

"እኔ ነኝ።"

"ምንድን ነው የምትለው?" አለ አባቴ።

ከእኔ ሌላ አስተርጓሚ አልነበረም። "ሆን ብዬ አበላሽቼባታለሁ" አልኩት በወላይትኛ። ለእሷም በአማርኛ ደገምኩት። እሷ ታብሌቷን ይዛ ወደ መንገዱ ወጣች። አባቴ ቆሞ አየኝ።

"ለምን?"

"ለእሷ የነገርካትን ለእኔ ነግረኸኝ አታውቅም።"

"ከጭቃው እንድትወጣ ብዬ ነው ያባረርኩህ" አለኝ። "ከወጣህ በኋላስ አንድ ቀን ጠይቀኸኝ ታውቃለህ? እሷ ጠየቀችኝ።" ይህን ብሎ ጎረቤታችንን ይቅርታ ሊጠይቅ ሄደ፤ እኔ ፊት ለፊት ቆሜ እያለሁ፣ በእኔ ፈንታ።

ሰኞ ጠዋት አማካሪያችን ቢሮ ሄጄ ያደረግኩትን በቃሌም በጽሑፍም ተናገርኩ። ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። እሷ የጥናቱን መረጃ ከአዲስ ጀመረች፤ መመረቂያዋም አንድ ሴሚስተር ወደ ኋላ ቀረ። አስተርጓሚ ያደረገቻት አንዲት የጉኑኖ የጤና ሠራተኛ ነበረች። እኔን ግቢ ውስጥ ስታገኘኝ መንገድ ትቀይራለች።

እኔና አባቴ ከጓሯችን ችግኝ ነቅለን ለጎረቤታችን ተከልንላት። ጉድጓዱ ምን ያህል መጥለቅ እንዳለበት፣ ችግኙ ወደ የት ማዘንበል እንዳለበት በእጁ አሳየኝ። እየሠራሁ አንድ ነገር አላስችል አለኝ።

"ይህንንም ለእሷ ነግረሃታል?"

"ነግሬያታለሁ" አለ። "ከአንተ ቶሎ ገብቷታል።"

ደሜ ፈላ። ችግኙን እንዳሳየኝ አዘንብዬ ያዝኩና አፈሩን በእግሬ ረገጥኩ።

ጥናቷን ባቀረበችበት ቀን አባቴ የእሑድ ኮቱን ለብሶ ሶዶ መጣ፤ የፊተኛው ወንበር ላይ አስቀመጠችው። እኔ ከኋላ ነበርኩ። ፕሮግራሟ ፍልፈሉን ከበሽታው ሲለይ ሰው ሁሉ አጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብኩ። ስንወጣ እጄን ጨበጠችኝ፤ እንደ ማንኛውም እንግዳ፣ ስሜን ሳትጠራ። ከዚያ አባቴን ደግፋ ደረጃውን አወረደችው።

አሁን በየሁለት ሳምንቱ ብቻዬን ጉኑኖ እሄዳለሁ። እጠይቀዋለሁ፤ ይመልስልኛል። አንዳንድ ቀን እሷ በለመደችው ወላይትኛ ደውላለት እንደነበር ይነግረኛል፤ በዚያች ሰዓት ያቺ ነገር ደረቴን መጨምደዷ አልቀረም። "ምን አለችህ?" እለውና ቁጭ ብዬ እሰማዋለሁ።