ስልኬ የተወሰደባቸው ሦስት ቀናት

በሩን ስከፍት ከፊት የቆመችው እዚህ በሰው አገር፣ ሻኮፒ ከተማ መጋዘን ውስጥ ከእኔ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ዕቃ የምታሽግ ባልደረባዬ ነበረች። የዚያን ሳምንት ፈረቃዋ የጠዋት ስለነበር በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ መሆን ነበረባት። ከኋላዋ ጎረቤታችን እትዬ፣ ከእሳቸውም ኋላ ስድስት ሰባት ሴቶች ደረጃው ላይ ተደርድረዋል። ሰላምታቸው ከአፋቸው በቅጡ አልወጣም። ጫማቸውን አውልቀው ሲገቡ ገባኝ።

«ማን ነው?» አልኩ።

«ወንድምሽ» አሉ እትዬ።

ታናሽ ወንድሜ ደሴ ላይ ከተቀበረ ሁለት ቀን ሆኖት ኖሯል። እነሱ ሰምተው፣ ብቻዬን በስልክ እንዳልረዳ ብለው፣ ሰው እስኪሰበሰብ ደብቀውኛል። በወጋችን ነው፤ አልቀየምም። ባልደረባዬም ለዚሁ ብላ፣ ምክንያቱን ሳትናገር፣ ከአለቃችን ፈቃድ ጠይቃ ቀርታለች።

ወዲያው ስልኬን ከእጄ ወሰዱት። እቤት ደውዬ አሟሟቱን እየሰማሁ ራሴን እንዳልጎዳ ነው። እኔም ሰጠሁ። ከሰዓት ሥራ መግባት እንዳለብኝ ትዝ ሲለኝ ግን፣ ፊቴን ከነጠላዬ ሳላወጣ «ሥራ ቦታዬስ?» አልኩ።

«ተነግሯል፤ አንቺ ዝም ብለሽ አልቅሺ» የሚል የሴት ድምፅ ከወጥ ቤቱ በኩል መጣ።

ቀና ብዬ አላየሁም።

በአራተኛው ቀን ስልኬ ሲመለስልኝ የአለቃዬ መልእክቶች ነበሩበት። መጋዘኑ በር ላይ ባጄን ባስጠጋው አልከፍት አለኝ። ሦስት ቀን ሳይደውል የቀረ ሰው ሥራውን በገዛ ፈቃዱ እንደለቀቀ ይቆጠራል አሉኝ። ሥራ ላጣ ሰው የሚሰጠውን፣ እኛ አንኢምፕሎይመንት የምንለውን ክፍያ ጠየቅሁ። ደብዳቤው ሲመጣ ልጄ አነበበችልኝ። «ማሚ፣ ዩ ክዊት ነው የሚለው። ሪሊ?» አለችኝ፤ ራስሽ ስለለቀቅሽ አይከፈልሽም ማለቱ ነው። የቤት ኪራያችን ተስፋ ያ ክፍያ ብቻ ነበር። ይግባኝ አልኩ።

ዳኛዋ የምትሰማኝ በስልክ ነው፤ ምስክር ማቅረብ ይቻላል ተባለ። ባልደረባዬ ዘንድ ሄድኩ።

«የምበላበትን መሥሪያ ቤት ልክሰስልሽ?» አለችኝ።

«ክስ አይደለም። ያየሽውን ተናገሪ ነው የምልሽ።»

«ያየሁትማ ስታለቅሺ ነው። ይልቅ ደውዬ ነበር፣ የሚያነሳ አጣሁ በያቸው። ማን ያውቅብሻል?»

«የሚያውቅማ አለ።»

«እንግዲያው እሱን አስመስክሪያ!» ብላ ሳቀች። ቀጥላም ዐይኗን ሰበረች።

እትዬ ደግሞ፣ «እኔ እንኳን ከዳኛ፣ ፈረንጅ ከሆነች ነርስ ጋር በስልክ ተግባብቼ አላውቅ። ዱዓዬን ውሰጂ» አሉኝ። ወሰድኩ።

በቀኑ ውዱእ አድርጌ፣ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ጠበቅሁ። መሐላ ከልጅነቴ እፈራለሁ፤ እውነት ልናገር ቃል ገባሁ። አስተርጓሚው የዳኛዋን ጥያቄ በአማርኛ ያቀብለኛል።

«ስልክሽን ማን ወሰደው?»

«ለቅሶ የመጡ ሰዎች።»

«መልሱልኝ ብለሽ ጠየቅሽ?»

«ሐዘንተኛ ነበርኩ።»

አስተርጓሚው የአገሬ ሰው ስለሆነ ምን ማለቴ እንደሆነ ያውቃል። የተረጎመው ግን ያልኩትን ብቻ ነው፤ ሥራው ያ ነው።

«ለሥራ ቦታሽ ተነግሯል ያለሽ ሰው ስም ማን ነው?»

«አላየኋትም።»

«አንቺስ ራስሽ ደውለሻል?»

ባልደረባዬ ያቀበለችኝ መልስ አፌ ላይ ነበር። «አልደወልኩም» አልኩ።

ይግባኙ ውድቅ ሆነ። ብሩክሊን ፓርክ የነበረውን ቤት ለቅቀን፣ እኔና ልጄ ቡርንስቪል በአንዲት የአገሬ ልጅ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ከረምን። ልጄ እዚያ ሆና፣ «ዋይ ዲድንት ዩ ጀስት ሴይ የስ?» ብላ፣ ለምን አዎ ብቻ አላልሽም ስትል ጠየቀችኝ። መልስ ነበረኝ፤ ብርድ ልብስ ግን አንድ ብቻ ነበረንና ማልበሱን መረጥኩ።

በዚያ ጠዋት ቤቴ የነበራችሁ እህቶቼ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከወጥ ቤት ሆነሽ «ተነግሯል» ያልሽኝ እባክሽ አንቺ መሆንሽን ንገሪኝ። ደውለሽ ከነበረ ለማን እንደነገርሽ፤ ሳትደውዪ እንድረጋጋ ብለሽ ያልሽው ከሆነም እሱኑ። ክፍያው አልፏል፤ አንቺንም አውፍ ብያለሁ፣ ይቅር ብያለሁ። ማንነትሽን ባለማወቄ ግን ለኢድ ያቀፈችኝን ሁሉ እጠረጥራለሁ፤ ሶላት ላይ ከጎኔ የቆመችውን ድምፅ አዳምጣለሁ። ሰውን በከንቱ የመጠርጠሩ ወንጀል የእኔ ነው፤ ከላዬ ሊያነሳልኝ የሚችል ግን ከእናንተ አንዷ ብቻ ናት።