ለእናቶቹ ማን ነገራቸው

ቴርሞፒሌን ባስተማርሁ ቁጥር እናደዳለሁ። መማሪያ መጽሐፉ ነገሩን በግማሽ ገጽ ይጨርሰዋል። የፋርስ ንጉሥ ስፍር ቁጥር የሌለው ጦር ይዞ ግሪክን ወረረ፤ የስፓርታ ንጉሥ በባሕርና በተራራ መካከል ባለች ጠባብ መተላለፊያ ሦስት መቶ ሰው ይዞ ጠበቀው፤ አንድ የአገሩ ሰው ለፋርሶች የተራራውን የእግር መንገድ አሳያቸው፤ ሁሉም እዚያው አለቁ። ተማሪዎቼ በስልካቸው የሆነ ነገር አይተው ስለሚመጡ የጋሻውንና የቀይ ካባውን ነገር ከእኔ የተሻለ ያውቃሉ። ከሌላ ከተማ የመጡ ሰባት መቶ ያህል ሰዎችም አብረው ቀርተው እንዳለቁ ስነግራቸው ቅር ይላቸዋል። ቁጥሩ ሲጨምር ጀግንነቱ የሚቀንስባቸው ይመስለኛል።

ከሁሉ የምታናድደኝ ግን “ሁሉም” የምትለዋ ቃል ናት። ሁሉም አላለቁም። ሁለት ስፓርታውያን ዓይናቸውን ታመው ንጉሡ ራሱ ወደ ኋላ ልኳቸው ነበር። አንደኛው ውጊያው መጀመሩን ሲሰማ አሽከሩን “እጄን ይዘህ ምራኝ” ብሎ ተመለሰና ሞተ። ሌላው አገሩ ገባ። ከገባ በኋላ እሳት የሚያስጭረው ጎረቤት አጣ፤ የሚያነጋግረው ሰው አጣ፤ ፈሪ የሚል ስም ወጣለት። እዚህ ላይ ስደርስ ድምፄ ከፍ ይላል። ተማሪዎቼ ማንን እንደምቆጣ አያውቁም። እኔ የዚያ ዓይነት ሰው ልጅ ነኝ።

አባቴ በደርግ ዘመን ከደብረ ታቦር ዙሪያ ገጠሮች ተመልምለው ወደ ሰሜን ከዘመቱት ልጆች አንዱ ነበሩ። አብረው ሠለጠኑ፤ አብረው አንድ አምባ ላይ ተመደቡ። አምባው ተከበበ፤ ውረዱ የሚላቸው ሳይኖር አለቁ። ከአገራችን ልጆች የተመለሱት አባቴ ብቻ ናቸው። እርግጥ እሳት የከለከላቸው የለም፤ እኛ አገር ሰው እንዲያ በግልጽ አይጨክንም። ሠርግ ላይ ሽለላው ሞቆ ወንዱ በየተራው እየተነሣ ሲፎክር፣ ተራው ወደ አባቴ ሲጠጋ ሰዉ ሁሉ ድንገት ስለ ጠላው ማውራት ይጀምራል። አባቴም “በቅሎዎቹን ልያቸው” ብለው ይወጣሉ። ልጅ ሳለሁ በቅሎ በጣም የሚወዱ ይመስለኝ ነበር።

እርሳቸው የሚሰጡት መልስ ደግሞ አይረዳቸውም። “ነበርሁ፤ ሁሉን አይቻለሁ፤ እነሱ ካለቁ በኋላ በገደሉ በኩል ወረድሁ” ይላሉ። ሌላ አይጨምሩም። እንዲህ ብሎ ራሱን ለሚያስረክብ ሰው ማን ይከራከርለታል?

ዘንድሮ የሟቾቹ ቤተሰቦች ተሰባስበው ሐውልት ሊያቆሙ ኮሚቴ አቋቋሙ። ሊቀመንበሩ ከተማው ውስጥ የጨርቅ ሱቅ ያላቸው ሙስሊም ነጋዴ ናቸው፤ ታላቅ ወንድማቸው እዚያ አምባ ላይ ቀርቷል። የታሪክ መምህርት በመሆኔ በድንጋዩ ላይ የሚቀረጸውን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ጠሩኝ። ሱቃቸው ውስጥ በጨርቅ ጣቃዎች መካከል ተቀመጥን። ለካ ጽሑፉን ጨርሰውት ነው የጠሩኝ፦ እስከ መጨረሻው ሰው ተዋግተው አለቁ።

“ጋሼ፣ አባቴ በሕይወት አሉ” አልኋቸው።

“እናውቃለን” አሉ፣ የጨርቅ ሜትራቸውን በጣታቸው ላይ እየጠቀለሉ። “እኛ የምንጽፈው ስለ ቆሙት ነው። ስለ ወረዱት ካሻሽ ሌላ ድንጋይ አቁሚ።”

የቀሩት የኮሚቴ አባላት ወለሉን ማየት ጀመሩ። እኔስ አባቴ አልሸሹም የምለው በምን አውቄ ነው?

ወረቀቱን ያገኘሁት በዚያው ሳምንት ነው። የአባቴ የመሬት ደብተር ለቀበሌ ጉዳይ ተፈልጎ ሳጥናቸውን ስበረብር፣ በላስቲክ የተጠቀለለ የጦር ሆስፒታል ካርድ እጄ ገባ። በከባድ ወባ ራሱን ስቶ፣ በአዛዡ ትእዛዝ ከአምባው ወርዶ የገባ ይላል። የገቡበት ቀን ተጽፏል። አምባው የወደቀበትን ቀን ደግሞ ለሐውልቱ ብዬ ለቤተሰቦቹ ከተላከው ደብዳቤ ላይ እኔው ራሴ ገልብጬዋለሁ። ሁለቱን አስተያየሁ። አባቴ ሆስፒታል የገቡት አምባው ከመውደቁ አምስት ቀን ቀድመው ነው።

አልሸሹም። ውጊያው ላይ ጭራሽ አልነበሩም። ዕድሜ ልካችንን አንገታችንን ያስደፋን ነገር ያልተደረገ ነገር ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ እኔ ግን ሳጥኑን በእግሬ መታሁት። ይህን የመሰለ ማስረጃ አስቀምጦ ዝም የሚል ምን ዓይነት ሰው ነው?

አባቴን ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ጋፋት በሚወስደው የእግር መንገድ አጠገብ ካለችው ማሳቸው ላይ ድንች እየቆፈሩ አገኘኋቸው። እጃቸውን በሱሪያቸው ጠርገው ወረቀቱን ተቀበሉኝና አዩት።

“የመሬት ደብተሩን አገኘሽው?” አሉኝ።

“አባባ፣ ይህን ነገ ኮሚቴው ፊት አነበዋለሁ።”

“አታነቢውም።”

ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ነውና ከግሪክ ጀመርሁላቸው። መተላለፊያውን፣ ሦስት መቶዎቹን፣ ዓይኑን ታሞ የተመለሰውን ሰው፣ እሳት መከልከሉን ነገርኋቸው። በዓመቱ ሌላ ውጊያ ላይ ከሁሉ በልጦ ተዋግቶ ሲሞት እንኳ “መሞት ፈልጎ ነው” ብለው ክብሩን እንደነፈጉት ጨመርሁ። “ያ ሰው ወረቀት አልነበረውም። እርስዎ ግን አለዎት” አልኋቸው።

አባቴ መቆፈሪያቸውን ተደግፈው እስክጨርስ ሰሙኝ። “እነዚያ ሦስት መቶዎቹ እናት ነበራቸው?” አሉ።

“ይኖራቸዋል እንጂ።”

“አሟሟታቸውን ለእናቶቹ ማን ነገራቸው?”

“ታሪክ ጸሐፊ ጽፎታል።”

“እሱ እዚያ ነበረ?”

“አልነበረም። ከብዙ ዓመት በኋላ ነው የጻፈው።”

“ታዲያ ከማን ሰምቶ?”

አላውቅም ነበር። ይህን ያህል ዓመት ሳስተምር አንድም ተማሪ ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም። አባቴ የድንቹ ጆንያ ላይ ተቀመጡና ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነገሩኝ።

የጓደኞቻቸውን ማለቅ የሰሙት ሆስፒታል ተኝተው ነው። ድነው አገራቸው ሲገቡ እናቶቹ መንገድ ላይ ጠበቋቸው። እኛ አገር ሬሳ የሌለው ለቅሶ ከባድ ነው፤ አሟሟቱ ያልታወቀ ሰው ለቅሶ ግን ይብሳል። አልቃሿ ሙሾ የምታወርደው አሟሟቱን ይዛ ነው። ወዴት ዞሮ፣ ምን ይዞ፣ ምን ብሎ ወደቀ? ይህን የሚነግር ከሌለ ሰዉ ባዶ ልብስ ከብቦ ተቀምጦ ይነሣል፤ እናትየዋም ዕድሜዋን ሙሉ በር በሩን ታያለች።

“የመጀመሪያዋ እግሬ ላይ ወደቀች” አሉኝ። “‘ልጄን አይተኸዋል?’ አለችኝ። ታምሜ ወርጄ ነበር ልላት አፌን ከፈትሁ። ግን ዓይኗን አየሁት። አይቼዋለሁ አልኋት። ለእሷ አይቻለሁ ብዬ ለሌላዋ አላየሁም ልል ነው?”

ስለዚህ ለእያንዳንዷ እናት አንድ አሟሟት ሰጧት። አንዱ መትረየሱን እንደያዘ፣ አንዱ ቁስለኛ ተሸክሞ፣ አንዱ አማትቦ። ሙሾው ወረደ። እኔም ያንን ሙሾ በየለቅሶው እየሰማሁ፣ አብሬ እያለቀስሁ ነው ያደግሁት።

“የነጋዴው እናትስ?” አልኋቸው።

“እሷ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀችኝ። ‘የእምነት ቃሉን፣ ሸሃዳውን፣ ብሎ ነው የሞተው?’ አለችኝ። ብሏል፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ አልኋት።”

“ዋሽተዋል።”

“ዋሽቻለሁ። ለንስሐ አባቴ ተናግሬዋለሁ።”

“ፈሪ ሲሉዎትስ?”

“ይበሉ። ወረቀትሽን ብታነቢው እኔን ጀግና አያደርገኝም። አልነበርሁም ማለት ነው፤ ካልነበርሁ ደግሞ አላየሁም። ያኔ እነዚያ ልጆች እንዴት እንደሞቱ የሚያውቅ አይኖርም።”

የሚቀጥለውን መናገር አልነበረብኝም፤ ግን ተናገርሁት። ለጋብቻ የተላኩ ሽማግሌዎች የማን ልጅ እንደሆንሁ ሲሰሙ ሁለት ጊዜ ከደጃችን ተመልሰዋል። “ውሸቱን የዋሹት እርስዎ ነዎት፤ የከፈልሁት ግን እኔ ነኝ። ማን ጠየቀኝ?” አልኋቸው።

“አውቃለሁ” አሉ አባቴ። ይቅርታ አላሉኝም። “ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም” ብለው ተነሡና ቁፋሯቸውን ቀጠሉ። በአባቴ እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። በማግስቱ ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ አድርጌ፣ ላነበው ቆርጬ ወደ ሱቁ ሄድሁ።

ሱቁ ውስጥ ከኮሚቴው ሌላ አንዲት ያረጁ እናት በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። የሊቀመንበሩ እናት ናቸው። ከሟቾቹ እናቶች በሕይወት ያሉት እርሳቸው ብቻ ናቸው። ሊቀመንበሩ ዐረፍተ ነገሩን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡና “ተቃውሞ ያለው አለ?” ብለው ወደ እኔ አዩ። እጄን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁ።

“ይቺ ማን ናት?” አሉ እናትየው።

“የዚያ ሰውዬ ልጅ ናት” አሉ ልጃቸው።

እናትየው እጃቸውን ዘረጉልኝ። ጠጋ ስል ክንዴን ጨብጠው ወደ ታች ሳቡኝ። “አባትሽ ደኅና ናቸው? እግሬ ቢያደርሰኝ ራሴ ሄጄ እጠይቃቸው ነበር” አሉኝ። “እርጅና ክፉ ነው፤ አሁን አሁን ጥርጣሬ ያስገባብኛል። ለኔ ሲሉ ብለውት ይሆን እላለሁ። አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ እቤት ሲያወሩም ትሰሚያለሽ። ልጄ ሸሃዳውን ብሏል?”

ሊቀመንበሩ ሜትራቸውን መጠቅለል አቆሙ። ወንድማቸው ሲነሣ እንዲህ ፈርተው አይቻቸው አላውቅም ነበር። ወረቀቱ ጣቴን ነካው። በአባቴም፣ በሴትዮዋም፣ በራሴም ተናደድሁ።

“ብሏል እማማ” አልኋቸው። “አባቴ በጆሯቸው ሰምተውታል።”

“አልሐምዱሊላህ” አሉና ክንዴን ለቀቁኝ።

ዐረፍተ ነገሩን ለድንጋይ ቀራጩ እንዲመች አድርጌ በትልልቁ ገለበጥሁት። ስወጣ ሊቀመንበሩ እስከ በሩ ሸኙኝ፤ እንዲህ ሲያደርጉ የመጀመሪያቸው ነው።

“አባትሽ እኮ ክፉ ሰው አይደሉም” አሉኝ ዝግ ብለው። “ባይሸሹ ኖሮ።”

“አዎ፣ ጋሼ” አልሁ። “ሸሽተዋል።”