አዴር ያነበቡልኝ መጨረሻ

ትናንት የሩሲያውን የልጆች መጽሐፍ ስከፍት የድሮ ሙጫው ሽታ ወደ ሰባት ዓመቴ መለሰኝ። እናቴ ዕቃ ልታመጣ ጅቡቲ ሄዳ ስለቆየችብኝ፣ እህል አልቀምስም ብዬ ነበር። በሶማልኛ «አጎት» ለማለት አዴር የምላቸው፣ ሩሲያ የተማሩት የጅጅጋ ጎረቤታችን ይህንኑ መጽሐፍ እየተረጎሙ አነበቡልኝ። በተረቱ ውስጥ መንገድ የጠፋባት ልጅ ግመል ላይ ወጣች።

«ሩሲያ ግመል አለ እንዴ?»

«ደራሲውም የሌላ አገር ተረት ወስዶ ለልጆቹ እንዲመች ቀየረው። እኔ ለልጄ ብቀይር ምን አለበት?»

ወደ መጨረሻው ሲደርሱ ገጽ መግለጥ አቆሙ፤ ድምፃቸው ግን አልቆመም። ልጅቷ በጅቡቲ መንገድ ላይ ያለችውን ሽንሌን አልፋ እናቷ ዘንድ ገባች። እኔም በላሁ።

ትናንት ያንን መጨረሻ ፈለግሁት። ለካ የኋላ ገጾቹ ድሮውኑ ተገንጥለው ኖሯል። አዴር ያን ሁሉ ያነበቡልኝ ከባዶው ሽፋን ላይ ነበር።