በቢሮው ደጅ ግማሽ የቀረ ሹሩባ

የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ ፈረንሳይኛ፣ ዓረብኛ፣ ሶማልኛና አፋርኛ የተማርኩ ሰው ነኝ። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ እኔም ፊደል የለየሁት ከጣቢያው ማስታወቂያ ላይ ነው። በሰፈራችን የመንግሥት ቢሮ ጉዳይ የገጠመው ሐበሻ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእኔን በር ነው። የአስተዳደሩ ሹም ራሱ ሐሙስ ሐሙስ ጫት የሚቅመው እኔ ቤት ነበር።

አዲሱ ገበያ ሲከፈት ከከተማው ዳር፣ ከባልባላ ሰፈር የሚመጡት ሴቶቻችን የመሸጫ ቦታ ተከለከሉ። የሹሙ ጸሐፊ «ለጥቁር ስደተኛ ቦታ የለም» አላቸው፤ እሱ ራሱ ከእነሱ እምብዛም ባይቀላም። እኔን ልትጠራ የመጣችው ሹሩባ ሠሪዋ ናት። ወንድ ተብላ ተመዝግባ እንደ ሴት የምትኖር፣ ረጅም፣ ነገር የማያልፋት ልጅ ናት። እሷንማ ጸሐፊው መስኮቱ ጋ እንኳ አላስጠጋትም።

«አባባ፣ እርስዎ ካልተናገሩልን ማን ይናገርልናል?»

«ሁላችሁም ካልገባችሁ አንዳችሁም አትገቡም» ብዬ ቃል ሰጠኋት። ሴቶቹም በዚሁ ተስማሙ።

ዘዴው የእኔ ነው። እዚህ ከተማ እኩለ ቀን አልፎ ጫት ከገባ ቢሮ የሚቆይ ሹም የለም። ስለዚህ ቀደም ብለን የቢሮውን ደጅ ዘግተን ተቀመጥን። ሹሩባ ሠሪዋ የሴቶቹን መሪ፣ የሽንኩርት ነጋዴዋን፣ ጸጉር መሥራት ጀመረች።

«ቀስ በይ፣ ነጨሽኝ እኮ!»

«ቻይው! ሹሙ ሲወጣ አምረሽ ይይሽ።»

የጫት መኪኖች ጡሩምባ ሲሰማ ሹሙ ወጣ።

«ሽማግሌው፣ ጫቴ ሊጠወልግ ነው» አለኝ በሶማልኛ። «ሴቶቹን አስገባለሁ። ያንን ወንድ ግን አላስገባም።»

እምቢ እንደሚሉ እርግጠኛ ሆኜ ተረጎምኩላቸው።

ነጋዴዋ ግማሽ ጭንቅላቷ እንደተሠራ ተነሣች። «እሺ ይበሉት፣ አባባ። ልጆች አሉን።»

«ተቀመጪ እንጂ፣ ግማሹ ቀርቷል» አለች ሹሩባ ሠሪዋ፣ ማበጠሪያዋን እንደያዘች። ማንም ዞር ብሎ አላያትም።

ሹሙ ያን ሁሉ ሐሙስ አብሮኝ ተቀምጦ ከዳኝ። ሴቶቹ ግን ባሱበት፤ እሺታቸውን ያስነገሩት በእኔው አፍ ነው።

ያም ሆኖ የሠራሁትን ማንም አይነጥቀኝም። ሹሙን በጫት ሰዓት ደጅ ላይ አቁሜዋለሁ። ሴቶቹን ከፀሐይ አውጥቼ የገበያው ጥላ ሥር አስቀምጫለሁ። ሹሙ ዳግመኛ ምንጣፌ ላይ እንዳይቀመጥ አድርጌያለሁ። ለሹሩባ ሠሪዋ በቤቴ በር ላይ ወንበርና መስታወት አኑሬላታለሁ። ነጋዴዋ ግማሹን ልታስጨርስ ስትመጣም፣ ከደጄ መልሻታለሁ።